በደቡብ ቴክሳስ እሾሃማ ጥሻ ውስጥ የዱር ተርኪ አደን፦ የት ልቀመጥ? በምን ቾክ?

ጀማሪ ከጋርላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለመጪው ጸደይ ከሳን አንቶኒዮ ወደ ደቡብ፣ ኮቱላ አጠገብ፣ በአንድ ሰው የግል መሬት ላይ ለሦስት ቀን የተርኪ፣ ማለትም የዚያ ትልቅ ዶሮ መሰል የዱር ወፍ፣ አደን ተስማምቻለሁ። መሬቱ 300 ኤከር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ሰው ቀጥ ብሎ የማይገባበት ጥሻ ነው፦ ሜስኪት፣ በለስ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው እሾህ። መሐሉን አንድ አሸዋማ የመኪና መንገድ ያቋርጠዋል። አንድ የከብት ኩሬ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ደረቅ ወንዝ አለ። ጠመንጃው 12 ጌጅ ፓምፕ (በእጅ እየተሳበ የሚቀባበል) ነው፣ አፈሙዙ 28 ኢንች፣ ኤክስትራ ፉል ቾክ (የአፈሙዙን ጫፍ በጣም የሚያጠብ ቱቦ) የተገጠመለት፤ ጥይቱ ውስጡ ቁጥር 5 የእርሳስ ፍሬዎች ያሉበት። በቪዲዮ የሚታየው ሁሉ ሜዳ ላይ ዲኮይ (ተርኪ የሚመስል ማታለያ) ተክሎ ከ40 ያርድ መምታት ነው፤ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። እዚህ ግን ከ20 ያርድ በላይ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው። የት ልቀመጥ? ወፉን በእሾህ ውስጥ አሳልፌ እንዴት ልጥራው? ስለ ልብሱም ንገሩኝ።

ኮሽም፦

ወንድሜ፣ ከጥሪው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነውና። በእሾህ ውስጥ አሳልፈህ አትጠራውም። ተርኪ ሕይወቱን የሚጠብቀው በዓይኑ ነው፤ ሽታ ብዙም አይረዳውም። ጥሻ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ይታሰራል፣ ቀበሮም ሆነ የዱር ድመት ሁለት እርምጃ ላይ ሊያደባበት ይችላል። ስለዚህ ሴቴ እየጠራችው እንኳ ከሆነ ጥሻው ጠርዝ ድረስ ይመጣና ይቆማል፣ እዚያው ክንፉን እያነጠፈ ይንጎራደዳል፣ ሴቷ ወደ እሱ እንድትመጣ ይጠብቃል። ካልመጣች ይሄዳል። አዳኙ ጥሻ ውስጥ ተደብቆ ሲጠራ ሰዓቱ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አንተ ያለህ ሀብት ያ አሸዋማ መንገድ ነው። እዚያ አገር ሰንደሮ ይሉታል፤ ጥሻው ተመንጥሮ የተከፈተ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የዚያ አካባቢ ተርኪ፣ ሪዮ ግራንዴ የሚባለው ዘር፣ ቀኑን ሙሉ ይራመዳል፣ ከማደሪያው ብዙ ማይል ሊርቅ ይችላል። የሚራመደው ግን በሰንደሮ፣ በከብት ዱካ፣ በአጥር ጥግና በኩሬ ዳር ነው። ከአደኑ ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ በመንገዱ በእግርህ ሂድ፤ አሸዋው ይነግርሃል። የአውራው ኮቴ ከሴቴው ይሰፋል፣ ከመካከለኛው ጣት ጫፍ እስከ ተረከዙ ከ4 ኢንች በላይ ይሆናል። ከኮቴው ግራና ቀኝ አሸዋው ላይ በጣት እንደተጫረ ያለ ቀጭን መስመር ካየህ፣ ያ ክንፉን አንጥፎ ሲንጎራደድ የላባው ጫፍ የጫረው ነው። እንዲህ ያለ ጭረት በአንድ ቦታ ተደጋግሞ ከታየ አውራው በየቀኑ የሚታይበት መድረኩ እዚያ ነው። ኩሱንም ተመልከት፦ የአውራው እንደ ከዘራ ጫፉ የታጠፈ ነው፣ የሴቴው የተጠቀለለ ክምር ይሆናል።

አሁን መቀመጫህ። ቀጥ ባለው መንገድ ዳር ሳይሆን መንገዱ የሚታጠፍበት ወይም የከብት ዱካ ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ፈልግ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አውራው ጥሪው የመጣበትን ቦታ ከ80 ያርድ ሆኖ ማየት ከቻለና ሴቴ ካላየ፣ ያለ ሴቴ ድምፅ መሆኑ ያጠራጥረዋል። መታጠፊያ ካለ ግን ለማየት መታጠፊያውን ማለፍ አለበት፤ ሲያልፍ ካንተ ያለው ርቀት 20 ያርድ ነው። ጥሻው የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው።

የኑኤሴስ ዳር፦

ኮሽም ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ የማደሪያውን ነገር ልጨምርበት። ያ ደረቅ ወንዝ ላይ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ቆጡ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። በዚያ አገር ረጅም ዛፍ ብርቅ ስለሆነ ተርኪ አንዱን ቆጥ ለዓመታት ይመላለስበታል፤ ዛፍ ሲያጣ የነፋስ ወፍጮ ማማና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሁሉ ያድራል። ስለዚህ ከቆጡ ሥር አትቀመጥ፣ እዚያም አትተኩስ። አንድ ጊዜ ከተረበሸ መንጋው ቆጡን ጥሎ ወደ ጎረቤት መሬት ይሻገራል፣ የቀሩት ሁለት ቀኖችህም አብረው ይሄዳሉ። ከ150 እስከ 200 ያርድ ርቀህ፣ ወፎቹ ወርደው በሚሄዱበት አቅጣጫ ተቀመጥ። አቅጣጫውን የምታውቀው በዋዜማው ነው፦ ጀንበር ስትጠልቅ ከሩቅ ሆነህ ከየት መጥተው እንደሰፈሩ አዳምጥ። ሲሰፍሩ የክንፋቸው ድምፅ ከባድ ነው፣ በጸጥታ ሩቅ ይሰማል።

ጠዋት ላይ የጉጉት ድምፅ ወይም የቁራ ጩኸት ብታሰማ አውራው ሳይወድ ይጮሃል፣ ቦታውን ያስታውቃል። ከዚያ ወዲያ ዝም በል። ጥሻ ድምፅ ይውጣል፤ 150 ያርድ ላይ ያለ የሚመስልህ አውራ ብዙ ጊዜ 80 ላይ ነው። «ትንሽ ልጠጋ» ብሎ መነሳት በዚህ ምክንያት ያበላሻል፤ ሲጠጉ ከወፉ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ጀማሪ ከጋርላንድ፦

እናመሰግናለን። መታጠፊያ አንድ አለ፣ ግን ዙሪያው ሁሉ እሾህ ነው፣ የምደገፍበት ወፍራም ግንድ የለም። ስለ ቾኩም አልነገራችሁኝም።

ኮሽም፦

ሜስኪት ወፍራም ግንድ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥር ሦስት አራት ሆኖ ይወጣል። ይህ ይበቃሃል፣ ሦስቱን ግንድ ከጀርባህ አድርግ። ቦታውን በጨለማ ልታዘጋጅ አትሞክር፤ ከአንድ ቀን በፊት በቀትር፣ ወፎቹ ርቀው ሳለ አዘጋጀው። የመሬቱን ባለቤት አስፈቅድና የአትክልት መቀስ እና ትንሽ ተጣጣፊ መጋዝ ያዝ። የምትቀመጥበትን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ብቻ አጽዳ። ሜስኪት ስትቆርጥ ከመሬት እኩል አድርገህ ቁረጥ፤ አንድ ጣት የሚያህል ጉቶ ከተውክ በማግሥቱ ጨለማ ውስጥ ጫማ ይበሳል። የቆረጥከውን ቅርንጫፍ ከፊትህ ሁለት እርምጃ ላይ ስካው፣ ከፍታው ስትቀመጥ ከደረትህ አይብለጥ። ከዚያ ተቀምጠህ ጠመንጃውን ከግራ ወደ ቀኝ አዙር፤ አፈሙዙ ቅርንጫፍ ከነካ ያንን ቅርንጫፍ አሁኑኑ ቁረጥ። ነገ ወፉ ፊትህ ቆሞ ሳለ «ቸክ» የምትል ድምፅ ሁሉን ታበላሻለች።

ጀርባህን ለምሥራቅ ስጥ። የጠዋት ፀሐይ ፊትህን ካበራችው የዓይን ሽፋሽፍትህ ሲንቀሳቀስ እንኳ ያያል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ተጣጣፊ ወንበር ውሰድ፤ መሬት ላይ መቀመጥ በለስ ላይ መቀመጥ ማለት ነው።

ቾኩን የኑኤሴስ ዳር ያስረዳህ።

የኑኤሴስ ዳር፦

እሺ። የኤክስትራ ፉል ቾክ ሥራ ፍሬዎቹን ሰብስቦ ሩቅ ማድረስ ነው። 40 ያርድ ላይ ጥሩ ነው። 12 ወይም 15 ያርድ ላይ ግን ፍሬው ገና አልተበተነም፣ ቡጢ የሚያህል አንድ ክምር ሆኖ ይሄዳል። የተርኪ ጭንቅላትና አንገት የማይቆም ነገር ነው፤ ሁለት ኢንች ከሳትክ ሙሉ በሙሉ ትስታለህ፣ ወይም ደረቱን ታፈርሰዋለህ። በጥሻ ውስጥ ከሚሳቱት ጥይቶች ብዙዎቹ ወፉ በጣም ስለቀረበ ነው የሚሳቱት።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ሞክር። ትልቅ ካርቶን ላይ ዲያሜትሩ 10 ኢንች የሆነ ክብ ሣል፣ መሐሉ ላይ ነጥብ አድርግ። ከ10፣ ከ20፣ ከ30 እና ከ40 ያርድ፣ ለየርቀቱ አዲስ ካርቶን እየተካህ፣ በዚያው በምታድንበት ጥይት ተኩስ። የተለመደው መለኪያ በክቡ ውስጥ 100 ፍሬ ነው፤ ከ100 በታች ሲወርድ ያ ርቀት ላንተ አልቋል። እኔ ላንተ መሬት የምመርጠው ከኤክስትራ ፉሉ ሰፋ ያሉትን፣ ሞዲፋይድ ወይም ፉል ቾክ ነው፣ ከፍተኛው ርቀት 30 ያርድ ተብሎ ተወስኖ። ቁጥር 5 እርሳስ በአንድ አውንስ 170 ገደማ ፍሬ አለው፣ ቁጥር 6 ደግሞ 225። ርቀትህ አጭር ስለሆነ ቁጥር 6 ይበቃሃል፣ ፍሬው ስለሚበዛም ክቡ በደንብ ይሞላል። ተንግስተን የተባለው ውድ ጥይት፣ ቁጥር 9፣ ለሩቅና ለትናንሽ ጌጆች ጥሩ ነው፤ 20 ያርድ ላይ ገንዘብህን አታጥፋ።

የ28 ኢንቹ አፈሙዝ በእሾህ ውስጥ ይሰካካል። ቢቻል ከ20 እስከ 24 ኢንች ያለውን ተዋስ። ማንገቻውንም ፍታው፤ እሾህ የሚይዘው እሱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር፦ በቅርንጫፍ መሐል አትተኩስ። የእርሳስ ፍሬ ትንሽ ነው፣ እርሳስ ብዕር የምታህል ቅርንጫፍ ትገታዋለች። የሚደርሱት ጥቂት ፍሬዎች ወፉን ያቆስሉታል፣ እሱም ጥሻ ገብቶ ይሞታል፣ ማንም አያገኘውም። ከመቀመጫህ ሆነህ ንጹሕ የሆኑትን ሁለት ወይም ሦስት መስኮቶች በዋዜማው ለይ፤ ወፉ መስኮት ውስጥ እስኪገባ ጠብቅ።

የቆቅ ልጅ፦

በቾኩ አልስማማም። አንዳንድ ቀን አውራው መታጠፊያውን ሳያልፍ ሰንደሮው ላይ 38 ያርድ ላይ ይቆማል። ሞዲፋይድ ይዘህ ምን ታደርጋለህ? ፉል ይሁን፣ ከላዩ ቀይ ነጥብ ያለው ማነጣጠሪያ ይገጠም። ቅርብ ያለውን ወፍ መሳት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ከፍ ስለሚል ነው፤ ቀይ ነጥብ ይህን ያስተካክላል።

የኑኤሴስ ዳር፦

የቀይ ነጥቡን ነገር እቀበላለሁ፣ ጥሩ ምክር ነው። 38 ላይ የቆመውን ግን ልተወው እላለሁ። መሬቱ የእሱ ነው፣ ነገም ይመጣል።

የቆቅ ልጅ፦

ይሁን። አነጣጠሩን ልጨምር። ክንፉን አንጥፎ ጅራቱን በዘረጋበት ሰዓት አንገቱ ወደ ውስጥ የተሰበሰበ ነው፣ አትተኩስ። በአፍህ አንዲት አጭር «ክለክ» አድርግ፤ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያዳምጣል። የምታነጣጥረው ላባው አልቆ ራቁት ቆዳው የሚጀምርበት ላይ ነው። ጭንቅላቱ አናት ላይ ካነጣጠርክ ግማሹ ፍሬ በላዩ ያልፋል።

ዲኮይን በተመለከተ፣ በጥሻ ውስጥ አያስፈልግህም። መታጠፊያው የሠራልህን ሥራ ያፈርስብሃል፤ አውራው ዲኮዩን ከሩቅ ካየ እዚያው ቆሞ ይንጎራደድለታል እንጂ አይመጣም። ኩሬው ዳር ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ ብቻ አንዲት ሴቴ ዲኮይ 15 ያርድ ላይ አድርግ፣ ፊቷን ወደ አንተ አዙራት።

ኮሽም፦

ዲኮይ የሚይዝ ሰው ሲገባና ሲወጣ በከረጢት ሸፍኖ ይያዘው። የአውራ ጭንቅላት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ እነዚህን ቀለሞች በካልሲም በመሐረብም አትልበስ። ጥሻ ውስጥ ሌላ አዳኝ ካለ የሚያየው በቅጠል መሐል ብልጭ ያለ ቀለም ብቻ ነው። የተርኪ ድምፅ ወደ ሰማህበት ተደብቀህ አትሂድ፤ ድምፁ የሰው ሊሆን ይችላል። ሰው ሲመጣ ካየህ እጅህን አታወዛውዝ፣ ጮክ ብለህ በሰው ድምፅ ተናገር። የተገደለውንም ወፍ ስትሸከም ብርቱካናማ ጨርቅ ጠቅልልበት።

መዝገብ ያዥ፦

ወደ ሕጉ ልግባ፣ በዚህ መድረክ ሲጠየቅ አያለሁና።

ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኞች ትምህርት መውሰድ አለበት። የነዋሪ ፈቃድ የሚሰጠው ቴክሳስ ውስጥ በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ ለኖረ ነው። ከፈቃዱ በተጨማሪ ተርኪ ለማደን የደጋ ወፎች ድጋፍ የሚባለው 7 ዶላር ይከፈላል። ወቅቱ በደቡብ ዞን ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ነው፤ ቀኑና የሚፈቀደው ቁጥር በየካውንቲው ስለሚለያይ የዓመቱን መመሪያ በካውንቲህ ስም ክፈት። በጸደይ የሚገደለው አውራ ወይም ደረቷ ላይ ጢም (የተንጠለጠለ ፀጉር መሰል ላባ) ያላት ሴቴ ነው። ሰዓቱ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ያበቃል።

ወፉ እንደወደቀ ከፈቃድህ ላይ የተርኪውን መለያ ቁረጥ፣ ወሩንና ቀኑን ቆርጠህ አውጣ፣ ባዶ ቦታዎቹን በቀለም ጽፈህ ወፉ ላይ እሰር። ጾታው የሚታወቅበት ምልክት፣ ማለትም እንደ አውራ ዶሮ ከኋላው እሾህ ያለበት አንድ እግር ወይም ጢሙ ከነቆዳውና ከነደረቱ ላባ፣ ከወፉ ጋር መቆየት አለበት። በ24 ሰዓት ውስጥም በመተግበሪያው ወይም በድረ ገጹ ለፓርክና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ይደረጋል።

ለወገኖቻችን የሚበጀው ይህ ነው፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ አይከለከልም። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ሳይጠይቅ ጠመንጃ አይንካ፣ የተዋሰውንም ቢሆን። ጥፋቱ የመኖሪያ ጉዳዩን ያበላሽበታል። የሚያድን ሰው መሸኘትና ማየት የሚፈልግ፣ ጠመንጃውን ሳይነካ መሄድ ይችላል።

የግል መሬት ያላገኘ ደግሞ ዓመታዊውን የሕዝብ አደን ፈቃድ በ48 ዶላር መግዛት ይችላል። በዚያው አካባቢ ቻፓራል የሚባለው የዱር እንስሳት ክልል አለ፣ 15,200 ኤከር፣ ስሙም ጥሻ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ክልል የራሱ ቀንና ደንብ አለው።

ወረንጦ፦

የእሾሁን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ።

ሜስኪት በአፋር አዋሽን ተከትሎ የተስፋፋው የፕሮሶፒስ ዛፍ ዘመድ ነው፣ ያንን ያየ ሰው ይህንን ያውቀዋል። እሾሁ ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ ሲሆን አንዳንዱ የጣት ርዝመት አለው። በለሱም ያው የትግራይ በለስ ዓይነት ነው። ሌላው ስሙን ያላወቅከው፣ ጥፍሩ እንደ ድመት የተቆለመመው፣ ካትክሎ ነው፤ ግራር ወገን ነው፣ የሚይዘው ወደ ፊት ስትሄድ ነው። ሲይዝህ አትጎትት፤ አንድ እርምጃ ወደመጣህበት ተመለስ፣ ራሱ ይለቃል።

ልብስህ ወፍራም ጥጥ ወይም ሸራ ይሁን፣ ከፊት ድርብ ያለው የጥሻ ሱሪ ካገኘህ የተሻለ። እንደ ሹራብ ያለ ልስልስ ልብስ እሾህ ይሰበስባል፣ ጨርቁ ሲቀደድም ድምፁ ሩቅ ይሰማል። ለመራመድ የፍየል ቆዳ ጓንት፣ ሲተኮስ ስስ ጓንት። መነጽር በጨለማ ግድ ነው፤ በጭንቅላት መብራት ስትሄድ ብርሃኑ ከዓይንህ ፊት ያለችውን ቀጭን ቅርንጫፍ አያሳይም። እስከ ጉልበት የሚደርስ የእባብ መከላከያ አድርግ። በማርችና በኤፕሪል ጅራቱን የሚያንሻኳው እባብ ከዋሻው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ በቀትር ደግሞ እንዳንተው ጥላ ይፈልጋል። ከመቀመጥህ በፊት የቦታውን ዙሪያ በብትር ምታ፣ በመብራት እይ፣ የቀይ ጉንዳን ክምርም እንዳይኖር ተመልከት። ማታ ሰውነትህን ለመዥገር ፈትሽ፣ በተለይ ብብትና የቀበቶ ሥር።

በለስ ሁለት ዓይነት እሾህ አለው፦ ትልቁ በቀላሉ ይወጣል፤ ትንንሾቹ ፀጉር የሚመስሉት ናቸው የሚያስቸግሩት። አታሻቸው፣ አትምጠጣቸው። የሚታየውን በወረንጦ ንቀል። ለቀረው ነጭ የወረቀት ሙጫ በስሱ ቀባ፣ ስስ ፋሻ አልብሰው፣ ሲደርቅ ላጠው፤ አብዛኛው አብሮ ይወጣል። የሜስኪት እሾህ ጉልበት ወይም የጣት መገጣጠሚያ ላይ ተሰብሮ ከቀረና ካበጠ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ በቀናት አይሻልህም። ከመሄድህ በፊት የቴታነስ ክትባትህ 10 ዓመት እንዳላለፈው አረጋግጥ።

መኪናውንም አስብ። ከሰንደሮው ወጥተህ ጥሻ ላይ አትንዳ፤ የደረቀ የሜስኪት ቅርንጫፍ ተራ ጎማን ከጎኑ ይበሳል፣ ጎን ደግሞ አይጠገንም። የጎማ መድፈኛና በባትሪ የሚሠራ መንፊያ ያዝ።

ጀማሪ ከጋርላንድ፦

ወረንጦ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አውራው ሲጮህ ቆይቶ ድንገት ዝም ቢልስ? የቀኑ የትኛው ሰዓት ነው የሚሻለው?

ኮሽም፦

ዝም ሲል አትነሳ። በጥሻ ውስጥ ዝም ያለ አውራ ብዙ ጊዜ እየመጣ ያለ አውራ ነው። ሰዓትህን ተመልክተህ 40 ደቂቃ ጠብቅ። ጠመንጃው ጉልበትህ ላይ ተደግፎ አፈሙዙ ወደ መስኮቱ ይሁን። ከማየትህ በፊት ትሰማዋለህ፦ ደረቅ ቅጠል ላይ ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ዝምታ፣ ደግሞ ሁለት እርምጃ። ከ50 ያርድ በታች ሲሆን ከደረቱ የሚወጣ ዝቅ ያለ «ፍትት... ዱምምም» አለ፤ በጆሮ ከመሰማቱ ይልቅ በደረት ይሰማል። ያኔ ጥሪ ጨርሶ ተው። ከፈለግህ በጣትህ ቅጠሉን ሁለቴ ጫር ጫር አድርግ፣ ሴቴ እንደምትጭር።

ሰዓቱን በተመለከተ ሁሉም ጎህ ሲቀድ ብቻ ያድናል። ጎህ ሲቀድ አውራው ከሴቶቹ ጋር ከቆጥ ይወርዳል፣ እነሱን ትቶ ወዳንተ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ረፋድ ላይ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በተለይ ኤፕሪል ከገባ፣ ሴቶቹ ወደ እንቁላላቸው ይሄዳሉ። ያኔ ብቻውን የቀረ አውራ በሰንደሮው እየዞረ ይፈልጋል፣ ለስላሳ ጥሪም ይመልሳል። ብዙ ሰው ያን ሰዓት ቁርስ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ኩሬውና ጥላው ነው ቦታው። ውሃ በቀን 4 ሊትር ያዝ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሊገባ ይችላል።

በየ15 ደቂቃው ሦስት አራት የልፕ (የሴቴዋ የተለመደ ጥሪ) በቀስታ ይበቃል። የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲነሳ ግን የስሌት ጥሪው (በብትር የሚጫረው ጠፍጣፋ መጥሪያ) አይሰማም፤ ያኔ የሳጥን ጥሪ ውሰድ፣ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። አፍ ውስጥ የሚያዘው ጥሪ ጥቅሙ እጅ ነጻ መሆኑ ነው፤ ወፉ ከታየ በኋላ እጅ መንቀሳቀስ የለበትም።

ደግሞ የሜስኪቱን ቅጠል ተከታተል። በወቅቱ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ገና ቀለል ያለ ነው፣ 40 ያርድ ያሳያል። ቅጠሉ ሲሞላ ያው ቦታ 15 ያርድ ይሆናል፤ መስኮቶችህን እንደገና ክፈት።

የኑኤሴስ ዳር፦

ከተኩሱ በኋላ ያለውን ማንም አላነሳም። ተኩሰህ ስትጨርስ ሁለተኛውን አቀባብል፣ ወዲያው ተነሥተህ ሂድ፤ ግን የወደቀበትን ምልክት፣ አንድ የተለየ ዛፍ ወይም በለስ፣ ከዓይንህ ሳታነሳ። የቆሰለ ተርኪ ከመብረር ይልቅ ይሮጣል፣ ጥሻ ሥር ገብቶም ይተኛል። ከጠፋ ቆመህ አዳምጥ፣ ከዚያ የወደቀበት ላይ ጨርቅ እሰርና በ30 ያርድ ዙሪያ እየከበብህ በየቁጥቋጦው ሥር ጎንበስ ብለህ እይ፤ ላባና ደም ከመሬት አንድ ጫማ ከፍታ ላይ ፈልግ። ስትደርስበት አንገቱን በጫማህ ያዝ፣ በእግሩ አታንሣው፤ የእግሩ እሾህ እጅ ይቀድዳል። ሴፍቲውን መመለስ አትርሳ።

ቁሌት ቤት፦

ልጄ፣ አንዲት ነገር ከወጥ ቤት በኩል ላክል። ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ ብዙው ሰው የሚያስቀምጠው ለፋሲካ ነው። እንዲቆይ ከተፈለገ ሥራው ሜዳው ላይ ነው የሚያልቀው። በዚያ ሙቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሆዱ ይከፈት፣ አንጀቱና አንገቱ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ይውጣ፣ ሆዱ ውስጥ በረዶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይግባ። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ አይንካ፣ ውሃ ይጠጣና ይለሰልሳል።

ሳይታረድ የሞተን የማይበላ ቤተሰብ አለ። ነፍሱ ሳይወጣ ከተደረሰበት አንገቱ ይባረክ፤ ለዚህ ስለት ያለው ቢላ በኪስ ይኑር። ሳይደረስበት ከሞተ ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙ ሼኩን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ወፉ ማቀዝቀዣ ከገባ በኋላ ቤት ውስጥ ክርክር እንዳይነሳ።

ሲበለት ፈረሰኛው ለብቻው ይቀመጥ፣ ወጥ ውስጥ ይደርቃል፤ ተቆራርጦ በጥብስ ያምራል፣ ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ይውረድ። ለወጥ የሚሆነው ታፋና ቅልጥሙ ነው። ቅልጥሙ ውስጥ እንደ ስንጥር የጠነከሩ ጅማቶች አሉ፣ በፒንሳ እየያዛችሁ ሳይበስል ጎትቷቸው። እያንዳንዱን ብልት በጣት ዳስሱት፣ ሰማያዊ የደም ቋጠሮ ካለ ውስጡ ፍሬ አለ፣ በቢላ ጫፍ ይውጣ። ከዚያ እንደ ዶሮው በሎሚና በጨው ይታጠብ። ሁለት ኪሎ ለሚሆን ታፋና ቅልጥም ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይቁላላ። የቤት ዶሮ በአንድ ሰዓት የሚደርሰውን ይህ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ይፈልጋል፣ በቀስታ እሳት፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እያለ። እንቁላሉና መከለሻው መጨረሻ ላይ።

ጀማሪ ከጋርላንድ፦

እናቴ፣ እጅዎን ይባርከው። ካርቶኑን ቅዳሜ እተኩሳለሁ፣ በሞዲፋይድም በፉልም፤ የቆጠርኩትን እዚሁ እጽፋለሁ። ቁጥር 6 በሁለቱም።

የቆቅ ልጅ፦

በሁለቱም ከ10 ያርድ ጀምር። 10 ላይ ቀዳዳው የት እንደሚያርፍ ካላየህ የቀረው ቁጥር አይረዳህም። ቢያንስ ሦስት ሦስት ጥይት በየርቀቱ፣ ተቀምጠህ፣ በዚያችው ትንሽ ወንበር ላይ።